የምሽጉ የጡት እናት

እትዬ ንግሥቴ በበቅሎ ተቀምጣ ቤታችን የመጣች ቀን እኔ ደጅ ላይ በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር። በቅሎ እኮ ነው የምላችሁ! በዚህ ዘመን ማን በቅሎ አለው? ጣልያን ያልወሰደውን አርበኛ ወስዶታል። እሷ ግን ከነኮርቻው አላት፣ ምክንያቱም የቡሬ ምሽግ አጣቢዎች ካቦ ናት። ካቦ ማለት በጣልያኖቹ አፍ አለቃ ማለት ነው አሉ። ከጣልያኑ ሹም ጀምሮ እስከ ተራው አስካሪ፣ ለጣልያን እስካደረው ጥቁር ወታደር ድረስ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች የምትቀጥር እሷ፣ የምታሠራ እሷ፣ የምታባርር እሷ።

ድሮ ስለሷ ሳወራ «እሳቸው» ነበር የምለው። አሁን «እሷ» ነው የምላት። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አለቻት እናቴን፣ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ፣ «ይችን ልጅ ስጪኝ። ሥራ ላስገባት።»

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «ምን ሥራ ታውቃለች ብለው ነው እመቤቴ? የኔታ ዘንድ ዳዊት ስትደግም ኖራ ገና አሁን መውጣቷ ነው። እጇ ገጽ መግለጥ እንጂ ልብስ መጭመቅ አያውቅም።»

«አፏስ?»

«አፏንማ አይጠይቁኝ!» እናቴ ሳቀች። «ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ወትፎ ነው የሚውለው።»

«ግድ የለም፣ እኔ አስለምዳታለሁ። እኔ እጅ ገብታ ሰው ያልሆነች የለችም።»

እናቴ ወደ ማዶ አየች። ያየችበትን ምክንያት እኔ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ አያ ደረሰ ጣልያን በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ወጥቷል። የአርበኛ ቤት ደግሞ ይቃጠላል። ማዶ ያለውን የአርበኛውን የእጅጉን ቤት እህሉ ሳይወቃ ከነክምሩ አቃጥለውታል። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጭስ ባየች ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች፤ የጎረቤት ምድጃ ጭስ ቢሆን እንኳ ትነሳለች።

እትዬ ንግሥቴም ይህን ታውቃለች መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምሽግ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ቤቱ አይነካም» አለች።

«እኛና እርስዎ በምን እንዛመዳለን?»

«ጡት እንጣባለና! ከልጅሽ ጋር።»

አያችሁ፣ በኛ አገር ጡት መጣባት ከሥጋ ዝምድና ይጠብቃል። የሥጋ ዘመድማ በርስት ሲካሰስ ነው የሚኖረው። የጡት ልጅና የጡት እናት ግን ተካሰሱ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እናቴ ያንን ስትሰማ ፊቷ ሁሉ በራ። ከቀፏችን ነጩን ማር ቆርጣ አመጣች፣ ያጥቢያችን ቄስ፣ ቄስ ቢሰጥ፣ ተጠሩ። እትዬ ንግሥቴ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ ጡቷ ላይ አስደገፈችውና «ጥቢ ልጄ» አለችኝ። ትልቅ ልጅ ነኝ እኮ! አፍሬ ሳቄ መጣና ማሩ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እናቴ በክርኗ ጎነጠችኝ። ጠባሁ።

«ይህን ጡት የካደ» አሉ ቄስ ቢሰጥ፣ «የበላው አይርጋለት፣ የወለደው አይደግለት።»

«አሜን» አለች እትዬ ንግሥቴ። ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ከበቅሎዋ ጎን ጎን ስሄድ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ «ስለ ማሩ ለሌሎቹ ሴቶች እንዳታወሪ። ከነሱ ለይታ አቀረበቻት ብለው ይቀኑብሻል» አለችኝ። እንዴት ደስ አለኝ! እኔን ብቻ!

* * *

ሥራውን እሷው ራሷ ነው ያስለመደችኝ። ልዋሽ አልችልም፣ እንደሷ የሚያስተምር ሰው አላየሁም፤ የኔታ እንኳ እንደሷ አይታገሡም፣ አለንጋቸው ይቀድማቸዋል። ያስካሪ ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፣ የሹሙ በሳሙና። ካውያው መጋሉን ለማወቅ እንትፍ ትይበታለሽ፣ ጭስስ ካለ ደርሷል። አንገትጌ የሚተኮሰው ከጫፍ ወደ መሐል ነው፣ ከመሐል ከጀመርሽ ይጨማደዳል። ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ ውኃ አይነካም፣ የተገኘውም ለሷ ይሰጣል። ሹሙ ሲያልፍ ይቆማል እንጂ አይታይም።

«ደም ያለበት ልብስስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«በቀዝቃዛ ውኃ። ሙቅ ካስነካሽው ደሙ ይረጋል።»

«የማን ደም ነው?»

እጅጌውን ከእጄ ወስዳ ውኃ ውስጥ ነከረችው። «በቀዝቃዛ ውኃ አልኩሽ ተናኜ።»

አንድ ሌላ ሕግም ነበራት፤ እኔን የከበደኝ እሱ ነው። አጣቢዎቹ እርስ በርሳችን ስለ ቤታችን ማውራት ክልክል ነው። ከየት እንደመጣን፣ አባታችን ማን እንደሆነ፣ ወንድም አለን የለንም፣ ምንም። «እዚህ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነው» ትላለች። «አንዷ የሌላዋን ቤት ካወቀች አንድ ቀን ታሳጣታለች። የቤት ወሬ ሲመጣባችሁ እኔ ጋ ኑ። እኔ እናታችሁ ነኝ።»

እውነቷን ነው አልኩ። እናም ቤት ቤት ሲለኝ፣ አያ ደረሰ ሲናፍቀኝ፣ የማወራው ለሷ ነበር። ለሌሎቹ ስለ ውሻ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አስካሪው ጢም አወራለሁ። ያይኔአበባ የምትባል፣ ከሁላችን በፊት የገባች ሴት አለች፤ ልብሱን በዱላ እየወቃች፣ «ይች ልጅ ዛሬ አፏ ቢደክም ለማርያም ሻማ አበራለሁ» እያለች ታስቃቸዋለች። ሻማው እስካሁን አልበራም።

ጎበዝ ሆንኩ። የሹሙን አንገትጌ የምተኩሰው እኔ ሆንኩ። እትዬ ንግሥቴ በሰው ፊት «የእጄ ሥራ» ትለኛለች። እና አዲስ ልጅ ስትመጣ፣ «ተናኜ፣ አንቺ አለማምጃት» አለችኝ። በኩራት ልፈነዳ!

አዲሷ ልጅ ሀብትነሽ ትባላለች። ቤተሰቦቿ አዊ ናቸው፣ ከቡሬ ማዶ፤ አማርኛም አገውኛም ትናገራለች፣ ስታለቅስ ግን በአገውኛ ነው የምታለቅሰው። ፈጣም ወንዝ ወርደን እንዶዱን እንዴት እንደምትወቅጥ ላሳያት ብል፣ እንባዋ ሙቀጫው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?»

«ምንም።»

«ቤትሽ ናፍቆሽ ነው?»

«ማውራት ክልክል ነው ብላኛለች።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ልጅቱ እያለቀሰች! ግራ ቀኙን አየሁ። ጠባቂው አስካሪ ዛፍ ሥር ተኝቷል። «ስሚ» አልኳት በሹክሹክታ፣ «የኔ ወንድም እኮ ዱር ነው። ይኸው እኔ አልሞትኩም፣ ለምጄዋለሁ።»

እንባዋ ቆመ። «ያንቺም?»

«እንዴት ያንቺም?»

«የኔ አባት ዱር ነው።»

ከአጠገባችን የያይኔአበባ ዱላ ቆመ። ልብሱን ትታ ቀና አለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ሁልጊዜ የምትቀልደዋ ያይኔአበባ አልነበረችም።

«ምን አላችሁ?» አለች።

«ምንም» አልን።

«እኔ ባሌ ዱር ነው» አለች ያይኔአበባ።

ከታች የምታለቀልቀዋም ሰማች። የእሷም ወንድም። ከሷ ቀጥሎ ያለችዋም፣ እጮኛዋ ዱር ነው። እንደዚያ እያልን ወንዙን ይዘን ወረድን። ወንዱ ቤቱ የተቀመጠ አንዲት ሴት እንኳ ጠፋች። ውኃው ብቻ ነበር የሚሰማው። የአንድ አስካሪ ያደፈ ሱሪ እየተንሳፈፈ ሄደ፣ ማንም አልያዘውም።

እኔ ግን አሁንም ሞኝ ነኝ። በልቤ፣ እኔስ የጡት ልጇ ነኝ፣ እኔን ለሌላ ነገር ነው ያመጣችኝ እላለሁ። ለመንገርም አፈርኩ። ሀብትነሽ ናት የተናገረችው፣ በንጹሕ ልቧ፦ «እትዬ ንግሥቴ ግን ደግ ናቸው። እኔን ጡት አጣብተውኛል፤ ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኝ ነው።»

ያይኔአበባ ሳቀች። ያንን ሳቅ አልረሳውም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለችና ዱላዋን ድንጋይ ላይ ጣለችው። «እኔን ደብረ ዘይት ማግሥት ነው ያጣባችኝ። አንቺንስ ተናኜ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያይኔአበባ ነው የነገረችን። እኔ ከመግባቴ በፊት አቻምየለሽ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ከዱር ገባ፣ ምሕረት አለህ ተብሎ። እጁን አስረው ወደ ደምበጫ ነዱት፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ልጅቱም በማግሥቱ ከሥራ ወጣች። «ሸሚዝ አቃጥላ ነው የተባረረችው ብላን ነበር» አለች ያይኔአበባ። «እኔም እውነት መስሎኝ ካውያ በነካሁ ቁጥር ሦስቴ እንትፍ እልበት ነበር።»

ለካ እኛ ሠራተኛ አይደለንም። መያዣ ነን።

* * *

እትዬ ንግሥቴን መተኮሻው ቤት አገኘኋት። የሹሙን ሸሚዝ ይዛ ካውያው ላይ ፍም ትጨምራለች። የሩጫዬ ትንፋሽ ገና አልበረደም።

«አያ ደረሰን ምን ሊያደርጉት ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። የሚያናድደው እሱ ነው፣ ትንሽ እንኳ አልደነገጠችም።

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝ! ሁላችንም የአርበኛ ቤት ልጆች ነን! ሁላችንንም ጡት አጣብተውናል! እርስዎ... እርስዎ ቄስ ፊት አሜን ብለዋል እኮ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።» በሩን ዘጋች። «ደረሰ ይገባል። በሚመጣው ገበያ ይገባል። ምሕረት ተብሎለታል።»

«የአቻምየለሽ አባትስ?»

ካውያውን ሸሚዙ ላይ አሳረፈችው። ከጫፍ ወደ መሐል፣ እንዳስተማረችኝ። «እኔ እዚህ ሳልገባ በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለች። «ቤት ነበር የሚያቃጥሉት። ሽማግሌ ካልጋው ሳይነሳ፣ ጥጃ ሳይፈታ። እኔ ነኝ ቤቱ ይቅር፣ ልጅቱ እኔ ዘንድ ትቀመጥ ያልኩት። የእናትሽ ቤት ቆሟል አልቆመም?»

«ቆሟል፣ ግን...»

«አንቺስ በልተሽ ታድሪያለሽ አታድሪም? አስካሪ ነክቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ እናት ከዚህ ሌላ ምን ታደርጋለች?» ሸሚዙን አንስታ ሰጠችኝ። «አንገትጌውን ጨርሺው።»

ጨረስኩት። ምን ላድርግ? እጄ ብቻውን ይተኩሳል፣ እኔ እዚያ የለሁም።

እናቴ ስንቅ ይዛ የምትመጣበት ቀን እስኪደርስ አፌ ውስጥ እሳት የያዝኩ ነው የመሰለኝ። አጥሩ ላይ ገና ሰላም ሳትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወንዙን፣ ሴቶቹን፣ አቻምየለሽን። «እምዬ፣ አያ ደረሰ እንዳይገባ! ሂጂና ንገሪው!»

እናቴ አንገቷን አቀርቅራ ሰማችኝ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይታ፣ «ኧረ አፍሽን ያዢ! የጡት እናትሽን ነው እንዲህ የምትያት?» አለች።

«ሁሉንም አጣብታለች እኮ ነው የምልሽ!»

«ብታጣባስ? ልጅ የበዛላት እናት ትጠላለች? ቄስ ገዝተዋል። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል እምነት እንኳ ባይኖራት ያንን ግዝት ማን ይደፍራል?»

«እሷ ደፍራለች!»

«ሥራው ከብዶሽ ነው ተናኜ። አውቅሻለሁ፣ ስትሰለቺ ወሬ ትፈጥሪያለሽ።» አጥሩ ውስጥ እጇን አስገብታ ጉንጬን ደባበሰችኝ። «ደግሞስ መልእክቱን ያደረስኩለት እኔው ነኝ። የጣልያኑን ወረቀት አሳዩት፣ እንትፍ አለበት። ሽማግሌ ላኩበት፣ አልሰማም። እኔ ሄጄ ‹የእህትህ የጡት እናት ምሕረት አስወጥታልሃለች› አልኩት። ‹ጡት ተጣብተዋል?› አለኝ። ‹በዓይኔ አየሁ› አልኩት። ‹እንግዲያ እገባለሁ› አለ።»

አጥሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እምዬ፣ መልሺው። በእግዜር መልሺው።»

«ቃል ከሰጠ በኋላ? ወንድምሽ ሴት ነው?» አለችና ስንቁን ሰጥታኝ ሄደች። መንገዱን ስትወርድ እየዘመረች ነበር። ልጇ ሊገባላት ነዋ።

* * *

በገበያው ቀን እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ ብዬ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ያሰብኩት ቀላል ነው፤ መንገዱ ከአጥሩ ሥር ነው የሚያልፈው፣ አያ ደረሰ ብቅ ሲል እጮሃለሁ። ጠመንጃው ገና በእጁ ይሆናል። ቁልቁል ጫካ ነው። እግሩንም አውቀዋለሁ፣ ሚዳቋ ነው።

ለያይኔአበባ ነገርኳት። «እጮሃለሁ» አልኳት። «ጩኺ» አለችኝ፣ ዓይኗን ግን ወደ ልብሱ መለሰች።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ንግሥቴ መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። አጣቢዎቹን ሁሉ ጠርታ በሩ አጠገብ ደረደረቻቸው። «የተናኜ ወንድም ሊገባ ነው» አለች። «የእንግዳ አቀባበል ወግ አለው። ብቅ ሲል እልል በሉለት። ጉሮሮ አይሰሰት።» ከዚያም እኔን አየችኝ፣ ረጋ ብላ። አወቀች ማለት ነው። ወይ ያይኔአበባ ነገረቻት፣ ወይ ፊቴ ነገራት። እስካሁን አላውቅም።

አያ ደረሰ ብቅ አለ። ጎፈሬው ትከሻው ደርሷል። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞታል፣ ለሰላም የመጣ ሰው እንደሚይዘው። እናቴ ከጎኑ ናት፣ ነጭ ለብሳ።

«አያ ደረሰ!» አልኩ። «ተመለስ! አትግባ! አትግባ!»

በዚያችው ቅጽበት እልልታው ተነሳ። አምላኬ፣ እንዴት ያለ እልልታ ነው! ቡሬ ከተማ ድረስ ይሰማል። እኔ እጮሃለሁ፣ የራሴን ድምፅ እኔው አልሰማውም። ዞር ብዬ ያይኔአበባን አየኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን። እያየችኝ እልል አለች። እንባዋ እየወረደ ነው፣ ምላሷ ግን አላቆመም። ሀብትነሽ እንኳ፣ ያች በአገውኛ የምታለቅሰው ልጅ፣ እልል ትላለች።

አያ ደረሰ ቀና ብሎ አየኝ። አፌ ሲከፈት፣ እጄ ሲወራጭ አየ። ደስ ብሏት ነው አለ መሰለኝ፣ ሳቀና እጁን አነሳልኝ።

በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የእትዬ ንግሥቴን ጉልበት ሳመ። እሷም አቅፋ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው። ጠመንጃውን በክብር፣ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከዚያ ሁለት አስካሪዎች ከኋላው መጡ። እናቴ ልትከተል ስትል በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። የነጠላዋ ጫፍ በሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ጎትታ አወጣችው።

እልልታው ያኔ ቆመ።

«አንቺ ብትሆኚስ?» አለችኝ ያይኔአበባ፣ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ሳታየኝ። «የኔ ባል ገና አልገባም። ዛሬ እንቢ ብላት ነገ በሱ ላይ ምን ታመጣለች?»

ወዲያው በዚያው ቀን እትዬ ንግሥቴ ጠራችኝ። «ሥራሽን ጨርሰሻል ልጄ፣ ከእናትሽ ጋር ሂጂ» ብላ የሹሙን ሳሙና ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ፈጣም ስንሻገር ወረወርኩት። እናቴ ሳሙናው ሲሰምጥ ቆማ አየች።

አያ ደረሰ እስካሁን እዚያው ነው። ወደ ደምበጫ ይወስዱታል ይላሉ፣ አይወስዱትም ይላሉ። ለእስረኛ ምግብ የሚገባው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። በማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ገብቷችኋል።

ትናንት እናቴ አገልግሉን አዘጋጅታ፣ «ተነሺ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

«እኔ እሷ ፊት አልቆምም።»

«ትቆሚያለሽ። ጉልበቷንም ትስሚያለሽ። ልጇ ነሽ፣ አንቺን ስታይ እንቢ አትልም።» ድምፅዋ ድሮ የማውቀው የእናቴ ድምፅ አልነበረም። ጭስም ብታይ ከተቀመጠችበት የምትነሳ አትመስልም።

ሄድን። ሳምኩ። ጉልበቷ እንዶድ እንዶድ ይሸታል።

እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትመታኝ ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ! እሷ ግን አገልግሉን ከፍታ በጣቷ ቀመሰች። «ጨው አንሶታል» አለች። ገብታ ጨው በእጇ ይዛ መጣች፣ ነሰነሰችበት፣ ክዳኑን ገጥማ እንዳይፈስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ራሷ ይዛለት ገባች።

«አየሽ?» አለችኝ እናቴ፣ እያለቀሰች። «አየሽ ተናኜ፣ ሆዷ አልቻለም። እናት ናት እኮ።»

አላየኋትም። እናቴን ቀድሜ መንገዱን ወረድኩ።